ስምንት ቁራጭ ቃል

ባለፈው ሳምንት የልጄን የባዮሎጂ መጽሐፍ ስሸፍንላት አንድ ገጽ ተገለጠና ያ ረጅም ቃል ፊቴ ተደነቀረ፤ የዛሬ ልጆች «ዲኤንኤ» ብለው የሚያልፉት፣ የእኛ መምህር ግን ሙሉ ስሙን ካልጠራን የማይለቀን ዲኦክሲራይቦኒውክሌይክ አሲድ።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነበር ከወለንጪቲ አዳማ፣ አክስቴ ቤት የመጣሁት። ስናገር ምላሴ ይያዛል። መምህሩ አስነስቶ ያን ቃል ሲያስነብበኝ «ዲ… ዲ… ዲ…» እንዳልኩ ቀረሁ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ፣ ከዚያ ወዲያ ስሜ ዲዲ ሆነ፣ እኔም በእረፍት ሰዓት ከውኃ ቧንቧው ጀርባ ብቻዬን ቆሜ ደወል መጠበቅ ለመድኩ። አክስቴ ከሱቋ የምትመለሰው ሲመሽ ስለነበር ቤትም የሚጠብቀኝ አልነበረም።

በግቢያችን በረንዳ ላይ ጋሽ ደበላ የሚባሉ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንድ ከሰዓት ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ ሳለቅስ አዩኝና «ምን ሆንሽ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ቃሉን በአማርኛ ፊደል ወረቀት ላይ አስጻፉኝና «ትንፋሽ የምትወስጂው የቱ ላይ ነው?» እያሉ በዚያ ትልቅ መቀሳቸው ቆራረጡት። ዲ፣ ኦክ፣ ሲ፣ ራይ፣ ቦ፣ ኒው፣ ክሌ፣ ይክ።

«ኮትስ መቼ ባንዴ ይሰፋል?» አሉኝ። «እጅጌው ለብቻ፣ ኮሌታው ለብቻ ነው። አትቸኩዪ።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁራጮቹን ስፌት መኪናው ላይ ደርድረው ይጠብቁኛል፤ እሳቸው መዘውሩን በእጃቸው አንዴ ያዞራሉ፣ እኔ አንዷን እላለሁ፤ ስያዝም እንደሌላው ሰው ቃሉን ከአፌ ነጥቀው አይጨርሱልኝም፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ራሳቸውም ሸምድደውት ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ደንበኛ ሁሉ በዚያ ቃል ይፈትኑት ጀመር።

አንድ ሐሙስ በገዛ ፈቃዴ እጄን አውጥቼ ቆምኩና ከዳር እስከ ዳር አልኩት። የሳቀ የለም፣ ያጨበጨበም የለም። መምህሩ «ጥሩ፣ ተቀመጪ» ብሎ ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፈ።

ደወሉ ሲደወል እስከ ግቢያችን ድረስ በሩጫ ሄድኩ። በረንዳው ባዶ ነበር። አከራያችን ልብስ እያሰጡ «ጠዋት አመማቸው፤ ልጃቸው መጥቶ መቂ ወሰዳቸው» አሉኝ። ክረምቱ ሳይገባ ማረፋቸውን ሰማን።

ዛሬ ሥራዬ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ነው፤ የሚሰማኝም አላጣሁም። የሆነልኝን ለአንድ ሰው ልንገር ብዬ የሮጥኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።