ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ነበር

በመነጽሩ ውስጥ ያለችው ሾላ አንድ ቅርንጫፍ ጎድሏት ነበር። ባለፈው የካቲት ወልድያ፣ የወንድሜ ልጅ ቤዛ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው ያየሁት። ሻሼን አስወልቃ ያንን ጥቁር መነጽር በራሴ ላይ ስታስርልኝ፣ «አክስቴ፣ አይፍሩ፣ ቢወድቁም እይዝዎታለሁ» አለችኝ። እኔ የምፈራው መውደቁን አልነበረም።

ቤዛ የታናሽ ወንድሜ የመጨረሻ ልጅ ናት። ኮምፒውተር ተምራ ስትጨርስ መሥሪያ ቤት ትቀጠራለች ብለን ስንጠብቅ፣ ሰውን ወደሌለ ቦታ የሚያስገባ ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ የሠራችው ላቦራቶሪ ለሌላቸው ተማሪዎች ነው፤ ስልካቸውን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሲያነጣጥሩ የሰው ልብ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ይመታል። ቀጥላ የድሮውን የመርሳ ገበያ ሠራች። አሁን ደግሞ የእኛን ሠፈር ቦይ። ዛሬ ቦታው ላይ ቢሄዱ ሾላዋ የለችም፣ ቦዩም ሲሚንቶ ሆኗል። በመነጽሩ ግን ሁሉም እንደነበረ ነው። «ምናባዊ እውነታ ይባላል» አለችኝ። እውነት በምናብ ሲሠራ ከዚህ በፊትም አይቻለሁ፤ ያኔ መነጽር እንኳ አላስፈለገም።

ዛፏን እያየሁ ሳለ በጆሮዬ አንድ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። «ድሮ ውሃ ሥርዓት ነበረው» ይላል። «አንዲት ልጅ ተራዋ ሳይደርስ ውሃ ሰርቃ እስከ ፋሲካ ተከለከለች። ከዚያ ወዲህ የደፈረ የለም።»

መነጽሩን አወለቅኩት።

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«አባባ መንገሻ፣ የውርጌሳው። አባታቸው የውሃ አባት ነበሩ አሉ።»

«ልጅቷ ማን እንደሆነች ነግሮሻል?»

«አልነገሩኝም።»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ይህን ነገር ለማንም ተርኬው አላውቅም። የሚያውቁት አውቀውታል፣ የማያውቁት ደግሞ ባያውቁት እመርጥ ነበር። አሁን ግን መልሼ መዋጥ አልቻልኩም።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከመርሳ ወንዝ የተጠለፈው ቦይ መጀመሪያ የመንገሻን አባት ማሳ፣ ቀጥሎ የእኛን ያጠጣል። ውሃውን የሚያካፍለው፣ ሲጣሉም የሚዳኘው፣ ሕዝቡ መርጦ የሾመው የውሃ አባት ራሱ የመንገሻ አባት ነው። በእኛ ቦይ ተራ የሚለየው በጥላ ነበር። በውሃው መክፈቻ አጠገብ ሾላዋ አለች፤ ከሾላዋ በስተምሥራቅ ደግሞ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነጭ ድንጋይ። ከሰዓት በኋላ የሾላዋ ጥላ ድንጋዩን ሲነካ የላይኛው ሰው ተራ ያበቃል፣ የእኛ ይጀምራል። ቀድሞ የሚነካው ደግሞ ወደ ምሥራቅ እንደ ክንድ የተዘረጋ የአንድ ረጅም ቅርንጫፍ ጥላ ነበር። ቅርንጫፉ ጫፉ ቀና ያለ ነው፤ መነሻው ግን ዝቅ ብሎ ከመንደር የሚያመጣውን መንገድ ያቋርጣል። ማንም ሰው ከመንደር ሲመጣ በሥሩ አጎንብሶ ነበር የሚያልፈው።

ያን ዓመት አባቴ ሽንኩርት ተክሏል። በሠፈራችን ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያልቅ ነበርና፣ ሽንኩርቱ ተሸጦ እኔ ወልድያ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ሰባተኛ ልገባ ተወስኖ ነበር። እናቴ የደብተር መያዣ ከአቡጀዲ ሰፍታልኝ ምሰሶ ላይ ሰቅላታለች። ጠዋት ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ያቺን መያዣ ነበር።

የካቲት ላይ አባቴ ታመመና ለውሃው እኔን ላከኝ። ነፋሱ አቧራ ያዘለ ነው፤ የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ቢጫ መምታት ጀምሯል። ከማሳችን በኩል በቦዩ ዳር መጥቼ ከድንጋዩ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። እጠብቃለሁ፣ ጥላው አይመጣም። አባቴ የራስን ጥላ በጫማ መለካት አስተምሮኛል፤ ሜዳ ላይ ቆሞ የጥላን ጫፍ በዓይን መያዝ፣ ከዚያ አንዱን እግር ከሌላው ፊት እያስከተሉ እስከዚያ መቁጠር። በየካቲት ሰባት ጫማ ሲሞላ ጥላው ድንጋዩ ላይ ነው። ለካሁ፣ ሰባት ሆነ። ድንጋዩ ግን ፀሐይ ላይ ነው። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ ለካሁ፣ ሰባት አልፏል። ድንጋዩ አሁንም ፀሐይ ላይ ነው። ውሃው እየጮኸ ወደ እነሱ ማሳ ይወርዳል።

ሕጉ ድንጋይ ነበር፤ እኔ እግሬን አመንኩ። ጭቃውንና ሣሩን ገፍቼ ውሃውን ወደ እኛ መለስኩት።

ብዙም ሳይቆይ መንገሻ ደረሰ። ሃያ ያለፈው፣ ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ቀን የተቆረጠለት ጎረምሳ ነው። ያኔ አያ መንገሻ ነበር የምለው።

«አንቺ! ማን ክፈቺ አለሽ?»

«አያ መንገሻ፣ ተራችን ደርሷል። በጫማ ለክቼዋለሁ።»

ባዶ እግሬን አይቶ ሳቀ። «በጫማ! ጫማ መቼ አድርገሽ ታውቂያለሽና?»

አባቱን ተጣራ። የውሃ አባቱ ከላይኛው ማሳ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ በቦዩ ዳር ወረደ። ሦስቱም ድንጋዩን አዩ። «ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ነው» አለ የውሃ አባቱ። ቀና ብሎ ዛፏን ያየ አንድም አልነበረም፤ ሕጉ ድንጋዩን እዩ እንጂ ዛፉን እዩ አይልም። እስከ ፋሲካ ውሃ ተከለከልን።

በሦስተኛው ቀን ከመንደር ወደ ማሳ ስወርድ መክፈቻው ጋ ደርሼ ደንግጬ ቆምኩ። አላጎነበስኩም። በዚያች መንገድ ቀጥ ብዬ ሄጄ አላውቅም። ቀና ብዬ ሳይ ቅርንጫፉ በነበረበት ቦታ፣ በመጥረቢያ በተቆረጠው ጉቶ ላይ ጭቃ ተለጥፏል፤ ከጭቃው ስንጥቅ የሾላዋ ወተት ወጥቶ እንደ ሰም ደርቋል።

ሮጬ ሄጄ የውሃ አባቱን አመጣሁት። መንገሻ ከኋላ ከኋላችን መጣ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ትናንት ነፋስ ሰብሮት ነው» አለ። አባቱ ጭቃውን አየ፣ ልጁንም አየ። «ፍርድና ውሃ ወደ ላይ አይመለስም» ብሎኝ ሄደ። አባቴ ስነግረው፣ «ነፋስ በመጥረቢያ አይሰብርም» አለ። አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ይህን ዝምታውን ለአባቴም ይቅር አላልኩለትም።

ሽንኩርቱ ቆሞ ደረቀ። እናቴ መያዣዋን ከምሰሶው አውርዳ ሽምብራ አስቀመጠችባት። ወንዝ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ወደ ጎን ሳብ እያደረጉ፣ «ኧረ ደብቁ፣ ውሃ ሌባዋ መጣች» ይሉ ነበር። እየሳቁ ነው የሚሉት። ሳቅ ከስድብ ይልቅ ይቆያል። አያ ማለትን ያን ጊዜ ተውኩ።

ቤዛ አንዴም ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ ላፕቶፗን ዘጋች።

«አምንዎታለሁ» አለች። «ግን አክስቴ፣ ሁለት ሰው ያልመሰከረለትን ነገር አላስገባም። ድንጋዩንም፣ ሾላዋንም ያስገባሁት እንደዚያ ነው። ዛፏን ስሠራ ቅርንጫፎቿን አንድ በአንድ አባባ መንገሻን ጠይቄያቸው ነበር፣ በምሥራቅ በኩል ኖሮ አያውቅም አሉኝ።»

«የእኔ ሌብነትስ ሁለተኛ ምስክሩ ማነው?»

«እሱ ትረካ ነው፣ ዕቃ አይደለም...» ብላ ጀመረች። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ ለተማሪና ለሽማግሌ ይታያል። ነገ አባባ መንገሻ ሊያዩት ይመጣሉ። አንቱም ይቆዩ» አለችኝ።

ቆየሁ። ከእኔና ከእሱ በቀር ያን ቀን መክፈቻው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሞቷል። መንገሻ አላየሁም ካለ፣ ቅዳሜ ወጣቱ ሁሉ እየገባ የሚዞርባት ዓለም ውስጥ ሌባ ሆኜ እቀራለሁ፤ እኔ ከሞትኩ በኋላም። ወንዝ ዳር የሳቁብኝን ሴቶች እንኳ እርጅና አፋቸውን ዘግቶታል። መነጽር አያረጅም።

በማግስቱ ከውርጌሳ በሚኒባስ መጣ፤ ከዘራ ይዞ፣ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ። ቤዛ አልጋዋንና ጠረጴዛዋን ወደ ግቢ አውጥታ ክፍሏን ባዶ አድርጋዋለች። ከመርሳ የያዝኩትን ፓፓያ ቆርጣ ሰጠችው፤ አጣጥሞ በላ።

«እታለም፣ ደህና ነሽ ወይ? አላረጀሽም እኮ!»

«ደህና ነኝ፣ መንገሻ።» አያ የሌለበትን ስሙን ሲሰማ ጉንጩ ቆመ፤ ከዚያ ማኘኩን ቀጠለ።

ቤዛ መነጽሩን አሰረችለት። እሱ የሚያየውን እኔና እሷ በላፕቶፑ ላይ እናያለን። «አባባ፣ ከመንደር ተነሥተው ወደ መክፈቻው ይሂዱልኝ» አለችው። ከዘራውን ለእሷ ሰጥቶ እጁን ዘርግቶ ተራመደ። «ይኸውና የአባቴ ማሳ» አለ፣ ድምፁ ሻከረ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ቀኝ እጁ አንድ ነገር ወደ ላይ እንደሚገፋ ሰው ከግንባሩ በላይ ተነሣ፤ አልፎ ቀና አለ። በላፕቶፑ ላይ በዚያ ቦታ ባዶ ሰማይ ብቻ ነበር።

የቤዛ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ቀሩ።

«አባባ፣ ምን አለና አጎነበሱ?»

«እ? መቼ?»

«አሁን። መነጽሩ ራስዎ ዝቅ ማለቱን መዝግቦታል።»

«እንዲያው... በዛፍ ሥር ሲያልፉ ማጎንበስ ልማድ ነው።»

«ግንዷ ጋ ገና አልደረስክም፣ ከራስህ በላይም ምንም የለም» አልኩት። «ያጎነበስከው ለቅርንጫፉ ነው። አንገትህ ከአፍህ ይልቅ እውነተኛ ሆነ፣ መንገሻ።»

መነጽሩን ራሱ አወለቀ። ቤዛ በርጩማ አቀረበችለት። ከዘራውን አስመልሶ በሁለት እጁ ያዘ። ይክዳል ብዬ ነበር።

«ለቤት በር መቃን ነው የቆረጥኩት» አለ በመጨረሻ። «ለሠርጌ ጎጆ። ጥላውን ይዞ እንደሚሄድ አላሰብኩም። ያን ቀን ድንጋዩን ሳይ ነው የገባኝ። የመክፈቻን ዛፍ የነካ ቅጣቱ ከውሃ ሌባ ይብሳል፣ አባቴም እኔን አይምረኝም ነበር።»

«ስለዚህ እኔ ተቀጣሁ።»

«ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ብዬ...»

«ልጅ ነበርኩ» አልኩት።

ወደ ቤዛ ዞረ። «ቅርንጫፉን አስገቢው ልጄ። ያንን የመጀመሪያውን ድምፄንም ከውስጡ አውጪው።»

«አይወጣም» አልኩ። «ካቆመበት ይቀጥል።»

ቤዛ ስልኳን አፉ ስር ያዘችለት። በአንድ ትንፋሽ ተናገረው፤ ያቺ ልጅ አልሰረቀችም፣ ቅርንጫፉን የቆረጥኩ እኔ ነኝ፣ አለ። ቤዛ ልትዘጋ ስትል፣ «ስሟ እታለም ነው» ብሎ ጨመረ። ይህን ያለው ማንም ሳይጠይቀው ነው፤ እንዳለ እጽፈዋለሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቀኝም። ፓፓያውን እንኳ ሳይጨርስ ሄደ።

ማታውን ቤዛ ቅርንጫፉን ሠርታ መነጽሩን አስደረገችኝ። ጥላዬን ሰባት ጫማ ቆጠርኩ፤ ፀሐይዋ በስፍራዋ ናት። የቅርንጫፉ ጥላ ጫፍ መጥቶ ነጩን ድንጋይ ነካ። «አሁን ይክፈቱት» አለችኝ ከውጭ። ከፈትኩት። ውሃው ወደ አባቴ ማሳ ሄደ፤ እጄን ግን አላረጠበውም። ማሳው ላይ ሽንኩርቱ ለምልሞ ቆሟል።

«ይሄንስ ማን መሰከረ?» አልኳት።

«ማንም። ለአንቱ ብዬ ነው።»

«አድርቂው» አልኳት። «እሱን ሁለት ሰው ይመሰክርልሻል፤ እኔና መንገሻ።»

ቅር አላት፣ አደረቀችው ግን። ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ጥግ ላይ ወንበር ይዤ ዋልኩ። መነጽሩን ያደረገ ተማሪ ሁሉ እዚያች ቦታ ሲደርስ አጎንብሶ ያልፋል፤ ከውጭ ቆመው የሚያዩት ይስቁበታል። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ማሳው ጋ ሲደርሱ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነበር ቤዛን የሚጠይቋት፤ ውሃው መጥቶ ሳለ ይሄ ሽንኩርት ለምን ደረቀ?

እሷም በእጇ ወደ እኔ ታመለክታለች። ተራ በተራ መጡ፣ ተራ በተራ ነገርኳቸው።