ቀይ ክር ከሾላው ሥር

በእኛ ሰፈር ጫጩት እንደተፈለፈለ እግሩ ላይ ክር ይታሰራል። መርሳ ከተማ ዳር ጓሮ ለጓሮ ተጠጋግተን ስለምንኖር ዶሮዎቻችን አብረው ነው የሚጭሩት፤ ያለ ክር የማን ጫጩት የማን እንደሆነ አይለይም። የታችኛዋ ጎረቤቴ አረንጓዴ ታስራለች፣ እኔ ቀይ። ያን ዓመት በክረምቱ መውጫ አንዷ ዶሮዬ አሥራ አንድ ፈለፈለችልኝ። አሥራ አንዱንም ጭኔ ላይ እያስቀመጥኩ አሰርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ስምንት ቀሩ።

ጫጩት ሲጠፋ ሰው ወደ ላይ ነው የሚያየው። እኛም ወደ ላይ አየን። በሽማግሌው ጎረቤቴ ማሳ ጠርዝ፣ ወንዙ ዳር፣ ትልቅ ሾላ አለ። እዚያ ላይ ሁለት ጥቁር ንስሮች ጎጆ ሠርተው ነበር፤ አናታቸው ላይ ረጅም ቁንጮ አላቸው፣ ነፋስ ሲመጣ ወዲያ ወዲህ ይልባቸዋል። ከዚያ በፊት እንዲሁ ሳያቸው ደስ ይሉኝ ነበር። ጫጩቶቼ ሲጠፉ ግን ቁንጯቸው ራሱ የሌባ መሰለኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሚሊሻ ነው። ክላሽ አለው፣ እጁም አይስትም። አንድ ጠዋት ወደ ውርጌሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የመብራት እንጨት ላይ የተቀመጠውን ወንዱን ንስር በአንድ ጥይት ጣለው። ሌላዋ አይታ እንድትፈራ ብሎ ክንፉን ቆርጦ አጥሬ ላይ ሰቀለው። እኔም እሰይ ወንድሜ ብዬ ምሳ አበላሁት።

ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቤው ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት በራሴ ስለሆነ የተለጠፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። የዱር እንስሳትንና አዕዋፍን መግደል በሕግ ያስቀጣል ይላል። ሳነበው ስለ ዝሆንና ስለ አንበሳ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ከጓሮዬ ሆኜ የማየው ነገር የዱር ይባላል ብዬ መች አሰብኩ።

ሽማግሌውን አያ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ከመርሳ እስከ ግራና እንደሳቸው ያለ ተኳሽ አልነበረም ይባላል። በአጥሬ በኩል ካለፉ "እንዴት ዋልሽ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ድመቷስ" ሳይሉኝ ሄደው አያውቁም። ያን ቀን ከመስጊድ ሲመለሱ ክንፉን አዩት። ቆሙ። ከዚያ ሰላም ሳይሉኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲያም በዚያ በኩል መምጣት ተዉ፤ በወንዙ ዞረው ይገቡ ጀመር።

ንስሩ ከሞተ በኋላ ጫጩቴ መጥፋቱን አላቆመም፤ እንዲያውም ባሰ። አራት ሲቀሩኝ ወንድሜን ይዤ አያ ቤት ሄድኩ። ጎጆዋን ለመምታት ከእሳቸው ማሳ ሆኖ መተኮስ ነበረበት።

"አያ፣ ያቺን የቀረችውን እንገላገላት። ይፍቀዱልን።"

"ጎጆዋ ውስጥ ጫጩት አላት" አሉ።

"እኔስ አልነበረኝም?"

ፈገግ አሉ። "እሱስ እውነትሽን ነው። እስከ እሑድ ታገሺኝ፤ እሑድ ራስሽ ትፈርጃለሽ። እስከዚያ ወስፌሽን አውሺኝ።"

ወስፌዬ ሰፌድና መሶብ የምሰፋበት ነው፤ ለሰው አላውስም። "ምን ሊሠሩበት?" አልኳቸው።

"ጥርስ ልለቅምበት።"

"ጥርስ እንኳ የለዎትም" አለ ወንድሜ።

"የኔን መች አልኩ?"

ወስፌውን ሰጠኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥሬ ሽንቁር የማየው ነገር ግራ አጋባኝ። አያ ሾላው ሥር በአራት እግራቸው እየዞሩ ግራጫ ድብልብል ነገር ይለቅማሉ። ንስር የዋጠችውን ጠጉርና አጥንት ሆዷ አይፈጨውም፤ ጠቅልላ መልሳ ትተፋዋለች። እሱን ነበር የሚሰበስቡት። ሳፋ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ ሲርስ መነጽራቸውን በክር ከጆሯቸው ጋር አስረው በወስፌዬ ይፈለቅቁታል። ቀኑን ሙሉ። ለሶላት ይነሳሉ፣ ይመለሳሉ።

ወንድሜ በዚያ ሲያልፍ አላስቻለው። "አያ፣ ምስር እየለቀሙ ነው?"

"አዎ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ላንተ ወጥ ይሆናል። እሑድ ናና ብላ።"

እሑድ ረፋድ ላይ ወንድሜ ክላሹን ይዞ መጣ። ጎረቤቶችም ተሰበሰቡ። አያ ከቤት ሰፌድ ይዘው ወጡ፤ ለልጃቸው ሠርግ እኔው የሰፋሁላቸው ሰፌድ ነው። ሾላው ሥር አስቀመጡት። ከዳር እስከ ዳር ታጥቦ የነጣ ጥቃቅን መንጋጋ፣ ረጃጅም ቢጫ ጥርሶች ያሉት፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተደርድሯል።

"የአይጥ ነው" አሉ። "ቁጠሩት።"

የታችኛዋ ጎረቤቴ ጎንበስ ብላ ጀመረች። አርባ ላይ ስትደርስ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። "ይብቃኝ አያ። ይሄ ሁሉ በሕይወት ቢኖር ማሽላውን እነሱ ነበሩ የሚያጭዱልን።"

ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል አየሁት። ሰፌዱ አፋፍ ላይ፣ ከመንጋጋዎቹ ተለይቶ፣ አንድ ቀጭን የጫጩት እግር። ላዩ ላይ ቀይ ክር። ቋጠሮው የኔ ነው፤ ሁለት ጊዜ አዙሬ ነው የማስረው።

ስንቴ አስቤዋለሁ። ያንን እግር ኪሳቸው ቢከቱት ማን ያውቅባቸው ነበር? ነገሩ እዚያው ያልቅ፣ ንስሯም ትድን ነበር። እሳቸው ግን ለብቻው አስቀምጠው፣ እንዳይሰወረኝ ሰፌዱን ወደ እኔ አዞሩት።

"ይቺ ያንቺ ናት። አንዷን በልታብሻለች። ሌላ አላገኘሁም።"

"ይኸው፣ ራስዎ መሰከሩባት" አለ ወንድሜ።

"መሰከርኩ። ያየሁት ነዋ።"

"ሌሎቹንስ ማን በላቸው ታዲያ?"

"እሱን አላየሁም። ያላየሁትን ወላሂ አልናገርም።" ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ሕጉ እንደሚከለክል ታውቃላችሁ። እኔ ግን በሕግ ላስፈራራችሁ አልፈልግም። ሕግ ፈርቶ የተወ ሰው፣ የሚያየው ሲያጣ ይተኩሳል። እኔ እንደዚያ ነበርኩ። ከጓደኞቼ ጋር ተወራርደን ንስር ከገደል ላይ አውርደናል፣ ለምንም አይደለም፣ ለጨዋታ። አንዱ ወድቆ ሳይሞት ቀረና አየኝ። ያንን እሳት የመሰለ ዓይኑን አይቼ ሁለተኛ ወፍ ላይ አላነጣጠርኩም።" ወደ እኔ ዞሩ። "ዛፉ የኔ ነው፣ ጫጩቷ ያንቺ። አሁን ፍረጂ።"

ቀና አልኩ። ንስሯ ጎጆዋ ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ቁንጮዋን ነፋስ ይነካካዋል። ባሏን ገድለንባት እንኳ ከዛፉ አልሄደችም።

"ትቅር" አልኩ። "ለዚያ ሁሉ አይጥ ጫጩቷን መርቄላታለሁ።"

ወንድሜ ክላሹን አንግቶ ሄደ። አያም ወስፌዬን አጥበው መለሱልኝ።

በማግስቱ ወንድሜ ማሽላ ሳይደርስ ጎተራዬን ሊያነሳሳልኝ መጣ። ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ሲፈነቅል የአይጥ ጎጆ አገኘን፤ ገለባና ጨርቅ፣ መሃሉ ላይ አራት ቀይ ክር። ክሮቹን አንድ በአንድ ለቅሞ መዳፉ ላይ አደረጋቸው።

"ጠባቂሽን ነው ለካ የገደልኩብሽ" አለኝ።

በሳምንቱ ወልድያ ሄዶ የብረት ወጥመድ ገዝቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጎተራዬ ሥር የተያዘውን አይጥ በጭራው አንጠልጥሎ፣ አያ ማሳ ውስጥ ያለ ጉቶ ላይ ለንስሯ አስቀምጦላት ይሄዳል። መጀመሪያ ንስሯ አልቀረበችውም። በኋላ እሱ ዞር እስኪል ብቻ መጠበቅ ጀመረች።

"መርዝ የነካው እንዳይሆን" አሉት አያ አንድ ቀን። "የተመረዘ ከበላች እሷም አትተርፍም።"

"በወጥመድ ነው አያ።"

"ቀላቢዋ ሆንክ በለኛ።"

"አባወራውን የገደልኩባት እኔ፤ ሌላ ማን ይቀልባት?"

ማሽላው ሲታጨድ የንስሯ ጫጩት ከጎጆዋ ወጣች። ቁንጮዋ አጭር ነው፣ ቅርንጫፍ ላይ ስታርፍ ትንገዳገዳለች። ያን ሰሞን ወንድሜ ከኔ ሳይመክር አጥሬ ላይ የደረቀውን ክንፍ አውርዶ ሾላው አጠገብ ቀበረው።

አርብ ዕለት አያ ከመስጊድ ሲመለሱ በወንዙ አልዞሩም። በአጥሬ በኩል መጡ፤ ክንፉ የነበረበትን ቦታ አዩና ቆሙ።

"እንዴት ዋልሽ?"

"አልሃምዱሊላህ፣ እርስዎ እንዴት ዋሉ አያ?" እሳቸው ዘንድ ስሆን እንዲህ ነው የምለው፤ እሳቸውም እኔን "እግዚሃር ይመስገን" ይሉኛል።

"እግዚሃር ይመስገን። ልጆቹስ? ከብቱስ? ድመቷስ?"

"ሁሉም ደህና።"

"ጫጩቶቹስ?"

የቀሩኝ አራቱ እግሬ ሥር እየጫሩ ነበር። ከበላያችን ሾላው ላይ የንስሯ ጫጩት ትጮኻለች።

"የታቹም የላዩም ደህና ናቸው አያ" አልኳቸው።