ጠይሟ ሊንዳውራ

በብራዚሏ የሳልቫዶር ከተማ ዳገታማ ሰፈሮች ሊንዳውራን ጥቁር ብሎ የሚጠራት ደፋር አልነበረም። ጠይም ነኝ ካለች ጠይም ናት፤ በቃ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ፀጉር ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት፤ ምላሷም እንደ ማበጠሪያዋ ይፋጃል። ጎረቤቷ ኔውዛ ብቻ፣ «አንቺ ጠይም ከሆንሽ እኔ ወተት ነኝ!» እያለች ታበሽቃታለች።

እግዜር ደግሞ ሲፈርድባት ጁሲያራን ሰጣት። ፀጉር ተኩሳ ያስተማረቻት አንድ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሌላ ሙያ የጠፋ ይመስል ስለ ዘር፣ ስለ ሴቶች መብትና ስለ ጥቁርነት ስታጠናና ስታስተምር ኖረች። መጽሐፍ ባሳተመች ቁጥር እናትና ልጅ ይኳረፋሉ።

«ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? በሰው ፊት ጥቁር ብለሽ ልታሰድቢኝ?»

«እማዬ ሙች፣ ስድብ ነው ያለሽ ማነው?»

ጁሲያራ ለፕሮፌሰርነት የምትፈተንበት የአደባባይ ንግግር ቀን ደረሰ። ሊንዳውራ አልሄድም ብላ ነበር፤ ኔውዛ ጎትታ ወሰደቻት። የፈራችው «ጥቁር» የሚለውን ቃል ብቻ አልነበረም። ልጅቷ ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ፣ ገላዋን ካጠበቻት በኋላ አፍንጫዋን በዘይት እያሸች ትስበው ነበር፤ እንደ ነጮቹ ቀጥ እንዲልላት። ይህን ነገር ሁለቱም አንስተውት አያውቁም። ዛሬ እንዳታነሳው ነው ጭንቋ።

አነሳችው።

«እናቴ አፍንጫዬን ትስበው ነበር» አለች ጁሲያራ። ሊንዳውራ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «እስቲ ከእናንተስ፣ አፍንጫው የተሳበ እጁን ያውጣ።»

መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ከፈታኞቹ አንዷ፣ ሽበታሟ ፕሮፌሰር ነበረች። ከዚያ ተማሪዎቹ፣ ከዚያ በር ላይ የቆመው ጥበቃ፤ አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ። ሊንዳውራ ዞር ዞር ብላ እጆቹን አየች። የቤቷ ገመና የመሰላት ነገር የዚህ ሁሉ ሕዝብ ኖሯል! ልጇ በዚያ ሁሉ ዓመት ስትለቅም የኖረችው ይህን ነው እንዴ? ይህችን ነው እኔ የወለድኳት?

«እናቶቻችን ፈርተውልን ነው» አለች ጁሲያራ።

ሊንዳውራ የራሷ እናት ዘይታም አውራ ጣት ትዝ አላት። ረስታው ኖሯል። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እጇ ቀስ ብሎ ወጣ።

ኔውዛ በክርኗ ጎሸመቻት። «ወይ ጉድ! ጠይሞችም እጅ ያወጣሉ?»

«ዝም በይ አንቺ!» አለቻት ሊንዳውራ እጇን ሳታወርድ። «እኛ ጥቁር ሴቶች እየተነጋገርን ነው።»