በቲቸር አስካለ ስም የከለከልኩት

የንስሐ አባቴ ይህን አያውቁም። ሚስቴም አታውቅም። ውሸቴን፣ ሐሜቴን፣ ጾም መግደፌን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ግን እያለፍኳት ዓመታት ሄዱ። ምን ብዬ ልጀምርላቸው? አባ፣ አንድ መጽሐፍ ላይ ክልከላ አደረግሁ ልበል? ኃጢአት አይመስልም እኮ። ለዚህ ነው ለእናንተ የምነግራችሁ፤ እስከ መጨረሻው ስሙኝና እናንተ ፍረዱ።

ቲቸር አስካለ አቃቂ በሰቃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተማሩኝ ሴት ናቸው። በኋላ እዚያው ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ስገባ ባልደረባዬ ሆኑ፤ እኔ ግን አንድም ቀን ከቲቸር ውጭ በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ጡረታ ሲወጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ለተማሪ ሲያዘጋጁት የኖሩትን ሃንድአውት ሰብስበው መጽሐፍ አደረጉት። ፍጥነትን በባቡር፣ ክብደትን ቃሊቲ በሚመላለሱት የጭነት መኪኖች፣ ሰበቃን ደግሞ ክረምት ላይ በሚጨቀየው መንገዳችን ነበር የሚያስረዱት። እኔ ተየብኩት፤ ሥዕሎቹንም እኔ ሣልኩ። ኢንተርኔት ላይ የምጭነውም እኔ ነበርኩ።

ከመጫኔ በፊት ቤታቸው ተቀምጠን ስለ ፈቃዱ አስረዳኋቸው። ክፍት ፈቃድ የሚባል ነገር አለ፣ ሥራው የእርስዎ እንደሆነ ይቀራል፣ ግን ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል አስቀድመው ይናገራሉ አልኳቸው። ይቅዱት? ይቅዱት አሉ። ይሽጡት? እዚህ ላይ ሳቁብኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀትና ቀለም በነጻ ያገኛል ወይ አሉኝ፤ እሱን ከከለከልነው ኢንተርኔት የሌለው ልጅ በምን ያነበዋል? ይቀይሩት? ይቀይሩት፣ ያርሙት፣ በኦሮምኛም ያድርጉት አሉ። እንዲቀመጥላቸው የፈለጉት ስማቸውን ብቻ ነበር።

«ስህተት ሲያገኙ ማን ላይ እንደሚጮሁ ይወቁ» አሉኝ።

ሁሉን ሰማሁ። ሁሉም ገባኝ። ቤቴ ሄጄ ግን መሸጥንም መቀየርንም የሚከለክለውን ፈቃድ መረጥኩ። ተሳስቼ አይደለም። ሥዕሎቼን አስቤ ነው። ሌላ ሰው መጥቶ መጽሐፉን ሲቀይር መጀመሪያ የሚያወጣው የእኔን ሥዕል ነው ብዬ ፈራሁ። ቲቸር ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን ሲሰጡ ቅንጣት አልሰሰቱም፤ እኔ ለጥቂት ሥዕል ሰሰትኩ። ሲጠይቁኝ እንዳሉት አድርጌዋለሁ አልኳቸው። አመኑኝ። ለምን አያምኑኝ?

ከዚያ ታመሙ። ወደ ሥራ ስሄድ ቤታቸው ጎራ ስል መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ መጽሐፉ ነበር። የጻፈ ሰው የለም? የተጠቀመበት ልጅ የለም? ዓይናቸው ስለደከመ ኢሜይላቸውን የምከፍተው እኔ ነኝ። እና አንድ ቀን ተጻፈ። ከእኛ አለፍ ብላ ካለችው ከገላን፣ ጫልቱ የምትባል መምህርት ናት። መጽሐፉን ወደ ኦሮምኛ ልትተረጉመው ፈልጋ፣ ፈቃዱ መቀየር ስለሚከለክል ቲቸርን መጠየቋ ነበር። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረች፤ ሥዕሎቹ ፎቶ ኮፒ ሲደረጉ ይጠቁራሉና በቀጭን መስመር እንደ አዲስ ብንሥላቸው ይፈቅዳሉ ወይ አለች።

ያቺ ነገር ወጋችኝ። እውነት ስለነበረች ወጋችኝ። ለቲቸር ወስጄ ማንበብ ነበረብኝ፤ ሌላ ምንም አይጠበቅብኝም ነበር። እኔ ግን እምቢታ ጻፍኩ። ሥራዬ እንዳለ እንዲቆይ እፈልጋለሁ ብዬ ጻፍኩ፤ ከታችም አስካለ ብዬ ላክሁት። ስሜ ብቻ ይቀመጥ ያሉትን ሴት ስም ወስጄ በር ዘጋሁበት።

በሳምንቱ ሄድኩ።

«ዛሬም ማንም አልጻፈም?» አሉኝ።

«ማንም» አልኩ።

ነጠላቸውን እያስተካከሉ «እንግዲህ አልጠቀመም ማለት ነው» አሉ። ይህን እየሰማሁ የቀረበልኝን ሻይ ጠጣሁ። ምን ዓይነት ልብ ነው ያለኝ? ያኔ እንኳን አፌን ብከፍት ምን ነበረበት? ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ቲቸርን የምታውቃቸው በመጽሐፋቸው ብቻ እንደሆነ፣ መሞታቸውን ከአንድ መምህር ሰምታ ከገላን እንደመጣች ነገረችኝ። ጫልቱ ነበረች። ልተርጉመው ብላ ጠይቃ እንደከለከሏት፣ መጀመሪያ ቅር ቢላትም የደከሙበት ነው ብላ እንደተወችው አጫወተችኝ። ክፍል ውስጥ ግን ከአማርኛው እያነበበች በኦሮምኛ በቃሏ ታስረዳቸዋለች፤ ልጆቹ የባቡሯን ነገር ሲወዷት አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በጥያቄዬ ተቀይመውኝ ይሆን?» አለችኝ። ነፍስ ይማር ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

አሁን ፈቃዱን መቀየር የምትችለው ወራሻቸው ናት፤ ያለቻቸው አንድ ሴት ልጅ። ሳሪስ ነው የምትኖረው፣ በታክሲ ቅርብ ነው። በየበዓሉ ትደውልልኛለች። እናቴን በደከመች ጊዜ ያልተለየሃት አንተ ነህ እኮ ትለኛለች። እኔም አሜን፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ብዬ እዘጋለሁ። መጽሐፉን ስከፍተው ደግሞ መጀመሪያው ገጽ ላይ ቲቸር ራሳቸው ያስጻፉኝ ምስጋና አለ። ሥዕሎቹ የእርሱ ናቸው፣ ያለ እርሱ ይህ መጽሐፍ አይኖርም ነበር ይላል። በገዛ ጣቴ ነው የተየብኩት።

ልጅ ነበርኩ አልልም። አላወቅሁም አልልም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ቅዳሜ ሳሪስ ሄጄ ለልጃቸው እነግራታለሁ፣ ከዚያ ገላን እሻገራለሁ እያልኩ ስንት ቅዳሜ አሳለፍኩ። የፊታችን ቅዳሜ እሄዳለሁ። ለቲቸር የምነግርበት ቅዳሜ ግን የለኝም። ቢኖረኝ የምላቸው ይህን ብቻ ነበር። ቲቸር፣ ሰው ጽፎልዎት ነበር። ልጆቹም ባቡሯን ወደዋታል።