ድንቄን የጠየቃት የለም

ሰኞ፣ ከመርካቶ እስከ ሆሳዕና

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ስደርስ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። የሆሳዕና ቲኬት ስምንት ብር ነው። ረዳቱ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ካልጫንኩ አለ፤ እኔ ደግሞ ወረቀት አለበት፣ ይበሰብሳል ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን በመጨረሻ እንደ ሕፃን ታቅፌው ተቀመጥኩ።

የምሠራው በሴቶች ማኅበር ዋና ጽሕፈት ቤት፣ ከየአውራጃው የሚመጣ ሪፖርት በሚነበብበት ክፍል ውስጥ ነው። ከከምባታና ሀዲያ አውራጃ የሚመጣው ሪፖርት ሁልጊዜ ያው ነው፦ የሴቶች እኩልነት መመሪያ በሁሉም ቀበሌዎች ተግባራዊ ሆኗል። ቀኑ ብቻ ነው የሚለወጠው። ባለፈው ወር ግን ከደብተር ላይ የተቀደደች አንዲት ገጽ መጣች። ፊደሎቹ የባቄላ ፍሬ ያክላሉ፤ መሠረተ ትምህርት ገና የጨረሰ ሰው ጽሑፍ መሆኑ ያስታውቃል። እንዲህ ትላለች፦ «ባሌ ሞተ። ለወንድሙ ሊሰጡኝ ነው። ቤቱም እንሰቱም የእሱ ነው ይላሉ። እኩል ናችሁ ያላችሁት የእኛን አገር ይጨምራል? ድንቄ።» ከሥር ዳምቦያ አጠገብ ያለ ቀበሌ ተጽፏል።

አለቃዬ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። «ሂጂና አጣሪ» አለችኝ፤ በቃ። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። መመሪያውን አነባለሁ፣ ሴትየዋ ነፃ ትወጣለች፣ እኔም በሳምንቴ እመለሳለሁ አልኩ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ መሆን አለበት።

ቡታጅራ ምሳ በልተን ስንነሳ ዝናቡ ቆመ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጭቃ፣ ግራ ቀኙ ደግሞ አረንጓዴ ነው። ሁለቴ ወርደን አውቶቡሱን ገፋን። ሆሳዕና የገባሁት እስከ ጉልበቴ ቀይ አፈር ሆኜ ነው።

የአውራጃው ማኅበር ጸሐፊ አስቴር መናኸሪያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። አስተማሪ የነበረች፣ አርባን የተሻገረች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። አባቷ ሀዲያ፣ እናቷ ከምባታ በመሆናቸው ሁለቱንም ቋንቋ እንደ አፏ ትናገራለች። እግሬን አይታ ሳቀች። «ጓድ እመቤት፣ አገራችንን ይዘሽው ልትሄጂ ነው እንዴ?» ብላ ቤቷ ወሰደችኝ። ከጸለየች በኋላ ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራውን አተካና አቀረበችልኝ። እንዴት ያለ ነገር ነው! ሁለቴ አስጨመርኩ።

ደብዳቤውን ሳሳያት ለረጅም ጊዜ አየችው። «ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ» አለች። «ቀበሌዎቹ ሆኗል ብለው ይልካሉ፣ እኔም ሆኗል ብዬ እልካለሁ። ሄጄ ሴቶቹን ስጠይቅ ደግሞ ሁሉም እሺ ይላሉ። ምን ላድርግ እህቴ?»

ማክሰኞ፣ በጭነት መኪና

በማግስቱ ጨውና ሳሙና የጫነ መኪና ላይ፣ ከሾፌሩ ጎን ተጣብበን በአንጋጫ በኩል ወደ ዱራሜ ተጓዝን። በየደጁ እንሰት አለ። ቤቱ ከእንሰቱ መሀል ብቅ ይላል እንጂ እንሰቱ ከቤቱ ጓሮ ነው ማለት ይከብዳል። አስቴር በመንገድ ላይ ነገሩን አስረዳችኝ። ባል ሲሞት ሚስቱን ወንድሙ ይወርሳል፤ ልጆቹ እንዳይበተኑ፣ መሬቱም ከቤተሰቡ እንዳይወጣ ነው። የገጠር መሬት አዋጁ ግን ባል ሲሞት መሬቱን የማረስ መብት ለሚስት ነው ይላል። «አዋጁ ቦርሳዬ ውስጥ አለ» አለች አስቴር። «የሚያወጣው ነው የጠፋው።»

ዱራሜ አልጋ በሁለት ብር ያዝን። ቁንጫው በነፃ ነው። ጠዋት የአምበሪቾ ተራራ ጫፉን ደመና ተከናንቦ አየሁት፤ እንቅልፍ ያጣሁበትን አስረሳኝ።

ረቡዕ፣ አዳራሹ

ዳምቦያ ገበያ ሙዝ ገዝተን በእግራችን ቀበሌው ደረስን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ላሬቦ ኮቱን ለብሶ፣ ሕዝቡን ሰብስቦ ጠበቀን። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው። ወንዶቹ ፊት ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ ኋላ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ሴቶቹን ወደ ፊት አስመጣሁና ኩራት ተሰማኝ። መመሪያውን ከሀ እስከ ፐ አነበብኩ፤ ተጨበጨበ።

ከዚያ ድንቄን አስነሳሁ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ቀጭን፣ ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘች ሴት ናት። ከፊት ወንበር የባሏ አባት አባባ ኤርጋኖ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሊወርሳት የታሰበው የባሏ ወንድም ሄራሞ አለ።

«ድንቄ፣ ለሄራሞ መሰጠት ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም? አትፍሪ፣ ተናገሪ!» አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ።

አንገቷን ደፋች። «እኔ ምን አውቃለሁ። አባት ያውቃሉ።»

«ይህን ደብዳቤ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም?»

«መጻፍ አልችልም።»

ሌሎቹን ሴቶች ጠየቅኩ። ሁሉም «እሺ» አሉ። ምኑን እሺ እንዳሉ እግዜር ይወቅ። ጓድ ላሬቦ ቃለ ጉባኤውን ጻፈ፦ ድንቄ በፈቃዷ ተስማምታለች፤ ቅዳሜ ሽማግሌዎች ለሄራሞ ይሰጧታል፤ መሬቱም በስሙ ይመዘገባል። «ከበላይ አካል የመጡት ጓድ ይፈርሙ» ብሎ ወረቀቱን አቀረበልኝ። እኔም፣ ሁሉም ዓይኑን ሲጥልብኝ፣ ራሷ አልፈልግም ካላለች ምን ላድርግ ብዬ ፈረምኩ።

አዎ፣ ፈረምኩ። ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ከአዳራሹ ወጥተን ዳምቦያ ወደያዝነው ማደሪያ ስንሄድ አስቴር ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ከዚያ እጄን ያዘች። «እመቤትዬ፣ እዚህ አገር ምራት በባሏ አባት ፊት ድምፅ አታሰማም። ነውር ነው፤ የአባቷ ቤት ሁሉ ይሰደብባታል። አንቺ እዚያ አስቁመሽ እምቢ በይ አልሻት። ሌላ ምን ትበል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የመጣሽው ከዋናው ጽሕፈት ቤት ነዋ» አለች። «እኔም እሺ ከሚሉት አንዷ ነኝ።»

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሴትየዋ ያንን ፊደል አንድ በአንድ ለቅማ፣ ተማምናብኝ ጽፋ፣ እኔ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ በእጄ ፈርሜ አስረከብኳት። አስቴር ጀርባዬን እያሻሸች ሙዝ ልጣ ሰጠችኝ። «ብዪ። ነገ ሴቶቹ የሚናገሩበት ቦታ እወስድሻለሁ።»

ሐሙስ፣ ከእንሰቱ ሥር

የሄድነው ድንቄ ጓሮ ነው። ሰባት ስምንት ሴቶች ለድንቄ ደቦ ወጥተው እንሰት ይፍቃሉ። እያንዳንዷ ሳንቃዋን አስደግፋ፣ የእንሰቱን ልጣጭ በእግሯ ይዛ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ትፍቃለች። ነጩ ነገር ቆጮ ሊሆን ጉድጓድ ይወርዳል። ወንድ ወደዚህ አይቀርብም። ከቀረበ እንደ ሴት ይቆጠራል፣ ዕድሜ ልኩን ይሳቅበታል። ትናንት ድንጋይ የመሰሉት ሴቶች እዚህ ሲንጫጩ ከሩቅ ይሰማል!

ሳንቃ ሰጡኝ። ሁለቴ ፍቄ ተንሸራትቼ በቂጤ ተቀመጥኩ። ሳቁ ደነቀኝ፤ ድንቄ ሳይቀር እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አንዷ የሆነ ነገር አለች፤ አስቴርም ተረጎመችልኝ፦ «የመንግሥት እጅ ለፊርማ ብቻ ነው የሚሆነው እያለች ነው።» ይገባኛል።

«ድንቄ፣ ትናንት በድዬሻለሁ» አልኳት። «ይቅር በዪኝ።»

መፋቋን አላቆመችም። በተሰባበረ አማርኛ፣ ሲያቅታት በከምባትኛ ተናገረች። ደብዳቤውን የጻፈችው እሷ ናት። ሄራሞን አትጠላውም፤ እንደ ወንድሟ ነው፤ የሠርጓ ቀን የፈረሷን ልጓም የያዘው እሱ ነው። ግን ባሏ አይሆንም። ይህን እንሰት ችግኝ እያለ የተከለችው በእጇ ነው፤ ሁለት ልጆቿን በእሱ ታሳድጋለች። መዝገቡ ላይ ስሟ እንዲጻፍ ነው የምትፈልገው። «ሌላ አልፈልግም» አለች።

የሄራሞ ሚስትም እዚያው ነበረች። «እኔስ?» አለች። «እኔን ማን ጠየቀኝ? ጎረቤቴ ናት፣ እወዳታለሁ፤ ጣውንቴ ስትሆን ልንጣላ ነው።»

ከሁሉም ዳር አንዲት አሮጊት ዝም ብለው ይፍቁ ነበር። የድንቄ አማት ናቸው፣ የአባባ ኤርጋኖ ሚስት፣ እማማ አማነች። ቀርከሃቸውን አስቀመጡ። «እኔም ተወርሼ ነው» አሉ። «የመጀመሪያ ባሌ የኤርጋኖ ታላቅ ነበር። ከኤርጋኖ ጋር ይኸው ሠላሳ ዓመት ኖርኩ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ስታመም ውኃ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ግን አንድ ቀን የጠየቀኝ የለም።»

እኔ ተነስቼ ወደ ላሬቦ ልሮጥ ነበር፤ አስቴር ግን በቀስታ ሄደች። በኋላ እንደነገረችኝ አዋጁን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ላሬቦም «አዋጁን አውቀዋለሁ፣ ግን ራሷ ፈቅዳለች፤ በጆሮዬ እምቢ ስትል ካልሰማሁ አልሰርዝም» አላት።

«እንግዲያው መጥተህ ስማ።»

«እንሰት መፋቂያ? እኔ? እብድ ነሽ?»

«ማን ግባ አለህ? አጥሩ ጋ ቁም። አባባ ኤርጋኖንና ሄራሞንም ይዘህ ና።»

ከሰዓት በኋላ መጡ። የቀርከሃው አጥር ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ እንሰቱም ይጋርዳል። በስንጥቁ አጮልቄ ሳይ ሦስቱ ወንዶች ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ጓድ ላሬቦ መዝገቡን ሄራሞ ትከሻ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን ይዟል። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ ግን ዓይኔን ከድንቄ አላነሳሁም። ድንቄ አሁንም ዝም ካለች ቅዳሜ አለቀላት።

በባሏ አባት ፊት አልነበረችም፤ ፊቷም አልታያቸውም። ቀርከሃዋን ይዛ፣ ሳንቃዋን እያየች፣ በጠራ ድምፅ «አልፈልግም» አለች። «ሄራሞ ወንድሜ ነው። ቤቴን አልለቅም። ስሜ ይጻፍ።»

የሄራሞ ሚስት ተከተለች፦ «እኔም አልፈልግም!» ሄራሞ ሲስል ተሰማ፤ ከዚያም «ትናንት ብትነግሩኝ ምን ነበረበት? እኔስ ማን ጠየቀኝ?» አለ። ሴቶቹ ሳቃቸውን መደበቅ አቃታቸው።

እማማ አማነች ግን አልሳቁም። ወደ አጥሩ ቀርበው «ኤርጋኖ፣ ይህችን ልጅ ተዋት» አሉ። «እኔ ሳልጠየቅ ኖሬያለሁ፤ ይበቃል።»

የከዘራው ጫፍ መሬት ሲነካ ይሰማል። አባባ ኤርጋኖ ተናገሩ፤ አስቴር በጆሮዬ ተረጎመችልኝ። «አማነች፣ አሁን ብጠይቅሽስ?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አሉ። «ማታ ቤት ስመጣ እንነጋገራለን።»

ጓድ ላሬቦ የትናንቱን ቃለ ጉባኤ ሰርዞ የድንቄን ስም ጻፈ። መዝገቡን በአጥሩ ሥር አሾልኮ ለፊርማ ሰጠን። ድንቄ እጇን በቅጠል ጠርጋ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ የባቄላ ፍሬ በሚያክል ፊደል ስሟን ጻፈች። ከእሷ በታች እኔ ፈረምኩ።

እሑድ፣ አዲስ አበባ

ዓርብ ሆሳዕና አደርን። አስቴር ከእንግዲህ ስብሰባዋን በየእንሰቱ ሥር እንደምታደርግ፣ ሪፖርቷም እንደሚያጥር ነገረችኝ። ስንሰነባበት አንገቴን አቅፋ «እሺ ካሉሽ አትመኛቸው» አለችኝ። ቅዳሜ አውቶቡሱ ተበላሽቶ ቡታጅራ ስላደርኩ ቤቴ የገባሁት እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነው።

አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ያኔ እኔና ወንድሜ ተማክረን እናታችንን ከደብረ ሲና አምጥተን እኔ ዘንድ አስቀመጥናት። ብቻዋን እንዴት ትኑር ብለን ነው፤ የሰማን ሁሉ መርቆናል። ስገባ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ጉንጬን ሳመችኝና «ከሳሽ» አለችኝ። የድንቄን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት፤ አጥሩ ጋ ስደርስ እሷም ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀው ነበር፤ ደስ ብሏት ነው እያልኩ ሁለት ዓመት የኖርኩበት ዝምታ ነው።

እንሰት የሚፋቅበት አገር ድረስ ሄጄ የተማርኩት ከመመሪያ የሚቀድም ነገር እንዳለ ነው፤ ሰውን መናገር በሚችልበት ቦታ ሆኖ መጠየቅ። ሌላውን ሪፖርት ላይ ጽፌዋለሁ። ቢላዋ ፈልጌ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ዓይን ዓይኗን ሳላይ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ወደዚህ ስናመጣሽ ጠይቀንሽ ነበር?»

«የት ጠይቃችሁኝ! ወንድምሽ ዕቃዬን ጫነ፣ አንቺ እጄን ያዝሽ።»

«አሁን ብጠይቅሽስ?»

የያዘችውን ሽንኩርት ልጣ ጨረሰች።

«ወደ ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ፣ ልጄ።»

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ተራ ነበርን። የደብረ ሲና ሁለት ቲኬት ቆረጥኩ፤ አንዱ ደርሶ መልስ ነው።