ከቀበሮዎቹ በኋላ

ካዛንቺስ ሲፈርስ መጨረሻ ላይ ከወጡት አንዷ ነበርኩ። ጎረቤቶቼ ሶፋና ቁም ሳጥናቸውን አይሱዙ ላይ እየጫኑ ወደ ከተማው ዳር ሲሄዱ፣ እናቴ ባወረሰችኝ ቤት በር ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው። «ቻው እትዬ፣ እንጠያየቅ!» ይሉኛል። ብዙዎቹ ግን በደንብ አያውቁኝም። ዕድሜዬን ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮ ስጠብቅ ኖሬ፣ ወደ ሰፈሩ የተመለስኩት ጡረታ ስወጣ ነው። ልጆቹ «የቀበሮዋ ሴትዮ» ነበር የሚሉኝ።

ወደ ተራራው የወጣሁት የእንስሳት ሕክምና ተምሬ እንደጨረስኩ ነው። ከእኔ በፊት እዚያ ሴት ተመድባ አታውቅም። የጥበቃው ኃላፊ ከመኪና ስወርድ አይቶኝ፣ «ሐኪም ይመጣል ተብለን ነበር» አለኝ።

«መጣሁ እኮ» አልኩት።

ማደሪያ ስላልነበረ የዕቃ መጋዘኑን ለቀቁልኝ። በጆግ ያስቀመጥኩት ውኃ በረዶ ሆኖ ያድራል። ጠዋት ግን ቀበሮዎቹ ከተኙበት ተነስተው፣ አፍንጫ ለአፍንጫ እየተነካኩ እንደ ዘመድ ሰላም ሲባባሉ አያቸዋለሁ። ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ የምውልበት ቀን ብዙ ስለነበር፣ ያ ሰላምታቸው ያስቀናኝ ነበር።

አንድ ክረምት መሞት ጀመሩ። መጀመሪያ አንዲት እናት ቀበሮ ከጉድጓዷ ርቃ፣ አፏ አረፋ ደፍቆ ወድቃ አገኘኋት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። የእብድ ውሻ በሽታ ነበር፤ ከብት ጠባቂዎች ይዘዋቸው ከሚወጡ ውሾች የመጣ። መሥሪያ ቤቴ ውሾቹ ይገደሉ አለ። እኔ እንክተባቸው አልኩ። አለቃዬ በስልክ ሳቀብኝ።

«እኛ የዱር አራዊት ጠባቂዎች ነን። የሰው ውሻ ምን አገባን?»

«የሰው ውሻ ካልዳነ ቀበሮውም አይድንም» አልኩት።

ክትባቱን በበረዶ ሳጥን በበቅሎ ጭኜ ከመንደር መንደር ዞርኩ። ሰዎቹ ልትገድል ነው ብለው ስለሰጉ ማንም ውሻውን አላወጣልኝም። አንድ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ቆመው፣ «እኛ ስንታመም የመጣ የለም። ለውሻ መጣሽ?» አሉኝ። አጥራቸው ሥር ቁጭ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጠና ውሻቸውን በገመድ ይዘው ወጡ። «ነይ ግቢ፤ እሱንም ውጊልኝ፣ አንቺም ልብስሽን አድርቂ» አሉኝ። በማግስቱ ጎረቤቶቻቸው ውሾቻቸውን እየጎተቱ መጡ።

ከዚያ በኋላ ክትባቱ የየዓመት ሥራ ሆነ። ባዶ በቀሩት ጉድጓዶች ቀስ በቀስ ግልገል መታየት ጀመረ። ከእኔ በኋላ የተመደቡ ወጣት ሐኪሞች፣ «ድሮም እንዲህ አልነበር እንዴ የሚሠራው?» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የቀረብኝም ነገር አለ። ካዛንቺስ የሚጠብቀኝ እጮኛ ነበረኝ። አልተጣላንም፤ ደብዳቤው እየራቀ እየራቀ ሄደና አንድ ዓመት ለፋሲካ ስመጣ አግብቶ አገኘሁት። እናቴ ስትሞት ደግሞ ተራራው ላይ ነበርኩ። መርዶው የደረሰኝ በሬዲዮ መገናኛ ነው። መንገዱን ጭቃ ዘግቶት ስለነበር እቤት የደረስኩት በሠልስቷ ነው። ድንኳን ውስጥ ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች እናቴን ከእኔ ይልቅ ያውቋታል። እስከ መጨረሻዋ ያስታመመቻት፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበራት የጉራጌ ሴት ነበረች። አቅፋኝ፣ «እናትዎ እስከ መጨረሻው ሲያነሱዎት ነበር» አለችኝ። ያን ቃል ዛሬም እንዴት እንደምይዘው አላውቅም።

አሁን ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ። ደረጃው ላይ የማገኛቸውን ወጣቶች ሰላም እላለሁ፤ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ስላለ አይሰሙኝም። አንዳንድ ቀን ድምፄን የምሰማው ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ስል ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት እግሬ ወደ ድሮው ሰፈር ወሰደኝ። በር የለ፣ አጥር የለ። ውሾቹ ግን ቀርተዋል። እያንዳንዱ በሩ በነበረበት ቦታ፣ ፍርስራሹ ላይ ተኝቶ መንገዱን ያያል። አብሮኝ የተማረ ሐኪም ከክሊኒኩ ክትባት ሰጠኝ፤ ከቄራ ሳንባ ገዛሁና በፌስታል ይዤ ተመለስኩ። ሳንባውን ሲበሉ እወጋቸዋለሁ። ያዘዘኝም፣ ያየኝም አልነበረም።

ከቀናት በኋላ አንዱን ቡናማ ውሻ ስከትብ ከኋላዬ፣ «እትዬ! እርስዎ ነዎት እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናቴን ያስታመመችው ባለሱቋ ነች። ውሻው ሳንባውን ጥሎ እግሯ ሥር ተንከባለለ። እሷም አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ኮንዶሚኒየሙ ውሻ አይፈቅድም። ልጆቼ በቃ ጥለነው እንሂድ አሉኝ። እኔ ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።»

«ነይ ተነሽ» አልኳት። «የእኔም አከራይ አይፈቅድም። ግን እንሞክር።»

በገመድ አስረነው እየተራመድን ቡልጋሪያ ደረስን። ውሻውን የሚያስጠጋልን እንዳለ በየጋራዡ ጠየቅን፤ አንዱ ውሻ አለኝ አለ፣ ሌላው ሳቀብን። በመጨረሻ አንድ መካኒክ ከመኪና ሥር ብቅ ብሎ፣ «ይናከሳል?» አለ።

«አይናከስም፤ ተከትቧል» አልኩት።

«እንግዲያው ይደር።»

የድሮው ሰፈራችን አሁን በቆርቆሮ ታጥሯል። የቀሩት ውሾች የት እንደሄዱ ብጠይቅም የሚያውቅ አላገኘሁም። ቡናማው ግን ጋራዡ ውስጥ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ጎራ ብዬ አየዋለሁ። ባለሱቋ እሑድ እሑድ ትደውላለች። መጀመሪያ ስለ ውሻው ትጠይቀኛለች። ቀጥላ፣ «እርስዎስ፣ ምሳ በሉ?» ትለኛለች። አንዳንዴ ባልበላም በልቻለሁ እላታለሁ፤ ስልኩን እንዳትዘጋው ደግሞ እናቴ ምን ምን ትል እንደነበር እጠይቃታለሁ።