ናናው የዋጣት ጤና አዳም

አዋሽ ላይ ባደግኩበት ዘመን ከእኔ የባሰ ሆዳም ቢኖር ባቡሩ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ናፍጣውን ሲጠጣ ይጠግባል። የእኔ ሆድ ጥጋብ የሚባል ነገር አያውቅም። የእናቴን ልብ ሊሰብር ጥቂት የቀረውም ይኸው ሆዴ ነበር። የያኔ የጣቢያ ልጆች ይህን ሲያነቡ «አይ ታዬ፣ ሆድህን ደግሞ ለማን ልታስተዋውቅ ነው!» እንደሚሉ አውቃለሁ። ይበሉ።

አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ስለነበር ሳምንቱን መስመር ላይ ያሳልፍና ቅዳሜ ፀሐይ አክስላው ይመጣል። ቤታችን ከጣቢያው ጀርባ ከተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች አንዱ ሆኖ፣ በጓሮው ሁለት አልጋ የምታክል የአትክልት መደብ ነበረችን። በመደቧ ጥግ እናቴ አንዲት ጤና አዳም ተክላለች። ከምንጃር፣ ከአባቷ ጓሮ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣቻት ናት። አያቴ ካረፉ በኋላ ግን ያቺ ጤና አዳም ተክል ብቻ መሆኗ ቀረ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ቅጠሏን በጣቶቿ አሸት አድርጋ ታሸታለች፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ሳቋን ከሰማን ቆይተን ነበር።

ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ደግሞ ከወሎ የመጡት እትዬ ዘሃራ ሻይ ቤት ነበራቸው። የናና ሻያቸውና የቦምቦሊኗቸው ሽታ ከባቡር የሚወርደውን መንገደኛ አንገቱን ይዞ ይጎትተዋል። አንድ ቀን በነፃ የሚገኘውን ሽታ ቆሜ ስበላ አዩኝና አንድ የናና ግንድ ከነሥሩ ሰጡኝ። «ትከለው። አንድ እስር ቆርጠህ ባመጣህ ቁጥር አንድ ቦምቦሊኖ አለህ። ግን በጣሳ አድርገህ ትከለው እሺ? መሬት ካገኘ ወላሂ ቤታችሁም ይገባል!» አሉኝ። እኔም በልቤ፣ «በጣሳ የበቀለ ናና ምን ያህል ቦምቦሊኖ ይወጣዋል?» አልኩና መደቧ መሃል ላይ ተከልኩት።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ለአያቴ ሙት ዓመት ምንጃር ሄደች። ወር ልትቆይ ነው። ስትወጣ ታላቅ እህቴን ቤቱን፣ እኔን ደግሞ ጓሮውን አደራ አለችን። «ጤና አዳሟን አደራ፤ ውሃ እንዳታበዛባት» አለችኝ። አዛውንቶቹ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለእኔ ግን ሰማዩም አደራውም እኩል ሩቅ ነበሩ። ናናዬ እንዲፋፋ ብዬ ጠዋትና ማታ ያገኘሁትን ውሃ ሁሉ መደቧ ላይ እደፋለሁ። በአዋሽ ሙቀት ውሃ ያገኘ ናና ደግሞ አይበቅልም፣ ይሮጣል። እኔም እስሬን ታቅፌ ከጓሮ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤት ጓሮ እሮጣለሁ። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ «አንተ ስትቀመጥ ሻይ ያምረኛል» ይለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አደራዬ ትዝ አለኝና ጤና አዳሟን ፈለግኩ። የለችም። ከጥግ እስከ ጥግ ናና ብቻ ነው። በድንጋጤ የአባቴን መቆፈሪያ አነሳሁና ናናውን እንደ ጎመን ከታተፍኩት። ነጭ ነጭ ሥሩ ሲበጣጠስ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። አፈሩን ደልድዬ፣ ይባስ ብዬ ውሃ አጠጣሁት። ሳምንት ሳይሞላ የቆረጥኳት እያንዳንዷ ቁራጭ ቅጠል አወጣች። አንዱን ጠላቴን በገዛ እጄ መቶ አደረግኩት! በዚህ መሃል አባቴ ከመስመር መጥቶ፣ «እናታችሁ ነገ ከሰዓት በባቡር ትገባለች» አለን።

በማግስቱ ገና በጠዋት እያለቀስኩ እትዬ ዘሃራ ዘንድ ሄድኩ። «በጣሳ አላልኩህም? አንተ ሆዳም!» ብለው ጮኹብኝና ሻይ ቤቱን ለልጃቸው ትተው ተከተሉኝ። መጀመሪያ መቆፈሪያውን ከእጄ ነጠቁኝ። «ሥር አይቆረጥም፣ ይመዘዛል። ከቁምጣህ ላይ ክር የምትመዝ ይመስል ቀስ!» አፈሩን አርሰን በጣታችን እያላላን፣ ሥሩን ሳይበጠስ እስከ ጫፉ እየተከተልን መዘዝነው። የተነቀለውን ሥር ውሃ መውረጃው ውስጥ ልጥል ስል እጄን መቱኝ። «ሰፈሩን ሁሉ ናና ልታደርገው ነው? ቆርቆሮ ላይ ዘርጋው፤ ፀሐይ ትጨርሰው።»

ሦስት አራተኛውን እንዳጠራን እጃቸውን ሰበሰቡና ወደ አፈሩ ጎንበስ አሉ። «ያ ረቢ! ና እስቲ አሽትት» አሉኝ። አሸተትኩ። የናና ሽታ አይደለም። ከናናው ሥር ጣት የምታህል፣ ቅጠሏ የገረጣ ጤና አዳም ቆማለች። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔ ማልቀሴን ትቼ እንደ አዲስ አለቀስኩ፤ ይኸኛው ግን የሚጥም ለቅሶ ነበር። ከዚያ የአባቴን ባዶ የግራሶ ቅባት ጣሳ አጥበው፣ ቂጡን ቆርጠው፣ አፉ ከመሬት አራት ጣት ከፍ እንዲል አድርገው ቀበሩት፤ አንድ የናና ግንድም መለሱበት። «ውሃው ወደ ታች ይውረድ፤ ሥሩ ግን ወደ ጎን መሄጃ የለውም» አሉና ወደ ሻያቸው ሄዱ።

ባቡሩ ሲጮህ ሆዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ጠላ። እናቴ ዕቃዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ጓሮ ዘለቀች። ጤና አዳሟ ፊት ተንበረከከችና፣ «ምን ሆና ነው እንዲህ የከሳችው?» አለች። ሦስት ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ አንደኛው ውስጥ ፍየል ሁሉ አለችበት። አንዳቸውም ከአፌ አልወጡም። «ናና ተክዬባት ነው እማዬ። ለቦምቦሊኖ ብዬ» አልኩ።

ከቀሩት ቅጠሎች አንዷን አሸት አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ዓይኖቿን ጨፈነች። «አባዬ አሁንም አለ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ጎትታ አቀፈችኝና ፀጉሬን አሸተተች። «አንተ ግን ሻይ ቤት ሻይ ቤት ትሸታለህ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ከደረቷ ሲወጣ ከትከሻዬ ላይ አንድ ኩንታል የወረደ ያህል ቀለለኝ።

ዛሬ ሰመራ፣ ልጄ ቤት ነው የምኖረው። ያኔ እንዲጠፋልኝ ያለቀስኩበት ናና፣ በዚህ ጨው በበዛበት አፈርና በዚህ ንፋስ እንዲበቅልልኝ የምለማመጠው ሆኗል። ልጄ «አባባ፣ ከገበያ ብንገዛ አይሻልም?» ትለኛለች። እኔ ግን ጉልበቴ እየተንቋቋ ጎንበስ እላለሁ። አንዱን ችግኝ ውሃ በማብዛት እገድላለሁ፣ ሌላውን በመርሳት። እናቴ ካረፈች ብዙ ዓመቷ ነው፤ የጓሮው ጥፋተኛም፣ መርማሪም፣ ይቅር ባይም አሁን እኔው ብቻዬን ነኝ። ዳኛው ዘመዴ ስለሆነ ይቅርታውን በየጠዋቱ አገኛለሁ፤ እፎይታው ግን እንደዚያን ቀን አይሆንልኝም።